ከጣና ዳር ማድቤቶች የተሰበሰበ አሮጌ የምግብ አሠራር መጽሐፍ፦ የሚሠራው፣ የሚታረመው፣ የሚተወው

ባሕር ዳር ውስጥ መንገድ ዳር ከሚነጠፉ አሮጌ መጻሕፍት መሀል አልፎ አልፎ ብቅ የሚል፣ በስቴንስል የተባዛና በሁለት ሽቦ የተሰፋ ቀጭን የምግብ አሠራር መጽሐፍ አለ። የደራሲ ስም የለውም። ሽፋኑ የሚለው የቀበሌ ሴቶች ማኅበር አባላት ከየቤታቸው አሰባስበው ያዘጋጁት መሆኑን ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረትም አልተጻፈበትም፤ ነገር ግን የከተማ ቀበሌዎች የተቋቋሙት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ስለሆነ ከዚያ በፊት ሊዘጋጅ አይችልም። የዓሣው ምዕራፍ የሚያውቀው በታንኳ የሚመጣ ዓሣ ብቻ ነው፤ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጣና ላይ ከመግባታቸው በፊት የተጻፈ ይመስላል።

መጽሐፉ ሊሠራበት የሚገባ ነው። የእጅ ዕውቀቱ ትክክል ነው፤ የትኛው መጀመሪያ፣ የትኛው በመጨረሻ እንደሚገባ፣ ምን ሲሸት ምን እንደሚደረግ ከብዙ አዳዲስ መጻሕፍት ይልቅ በደንብ ይናገራል። የሚያስቸግረው መጠኑ ነው። ዓሣው፣ ዘይቱ፣ ቅቤው፣ ጨውና ምጣዱ ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል። ቃል በቃል ተከትሎ የሠራ ሰው ወጡ ቢበላሽበት ጥፋቱ የእጁ አይደለም፤ መለኪያዎቹን መፍታት ያስፈልጋል።

ከሲኒ እንጀምር። መጽሐፉ ሲኒ የሚለው የቡና ሲኒ ነው፤ እስከ አፉ ሲሞላ ከ70 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በርበሬ ወይም ሽሮ በሲኒ ሲሰፈር ከ35 እስከ 40 ግራም ገደማ ይመዝናል። ወቄት የአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ነው፣ 28 ግራም። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ጣሳ ግን እንደየቤቱ ስለሚለያይ ያደናግራል። መፍትሔው መጽሐፉ ውስጥ አለ፦ የድፎ ዳቦው ገጽ ላይ አንዱ ጣሳ 12 ሲኒ እንደሚሆን በቅንፍ ተጽፏል፣ ማለትም 900 ሚሊ ሊትር ያህል። ይህን የያዘ ሰው የቀሩትን ገጾች ሁሉ መፍታት ይችላል። ጨውን በተመለከተ መጽሐፉ የሚያስበው ያልተፈጨ ሻካራ ጨው ነው። የዛሬው ደቃቅ ጨው በአንድ የሾርባ ማንኪያ 18 ግራም ስለሚገባ የተባለውን ሦስት አራተኛ ብቻ ጨምሮ ቀምሶ ማስተካከል ይበጃል።

የማብሰያ ሰዓቶቹ የባሕር ዳር ናቸው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ለሽምብራና ለባቄላ የተሰጠው ጊዜ እዚያ አይበቃም። የሌሊት ዘፈዘፋውን መዝለል አይቻልም፣ እሳቱ ላይም ከሩብ ሰዓት ያላነሰ መጨመር ያስፈልጋል።

መጽሐፉን መግዛት የሚያስመኘው የዓሣው ምዕራፍ ነው። ሦስቱን የጣና ዓሣዎች፣ ቆሮሶን፣ ነጭ ዓሣንና አምባዛን፣ በአንድ ዓይነት አሠራር አይጠቀልላቸውም፤ ለእያንዳንዳቸው የተለየ አያያዝ ይሰጣል። ይህ ከዛሬዎቹ የሬስቶራንት ማድቤቶች በብዙዎቹ የጠፋ ነገር ነው።

የቆሮሶ ወጡን ብንወስድ መጽሐፉ «አንድ መካከለኛ ቆሮሶ ለሁለት ሰው» ይላል። ዛሬ ዳር ላይ የሚሸጠው ቆሮሶ ብዙውን ጊዜ ያን ያህል ስለማይሆን በቁጥር ሳይሆን በሚዛን መግዛት ነው። ከሙሉ ቆሮሶ የሚገኘው ፊሌቶ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ነው፤ ለ1 ኪሎ ፊሌቶ 3 ኪሎ ዓሣ ይገዛል። ለዚያ 800 ግራም ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ሲኒ ዘይት፣ 2 ሲኒ በርበሬ፣ 1 ራስ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ያስፈልጋል። ሽንኩርቱ ደቆ ተከትፎ ያለ ዘይት፣ ጠብታ ውኃ እየተደረገለት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቁላላል። ከዚያ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ ይገባል። በርበሬው ትኩስ ውኃ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ግማሽ ሰዓት ካልተቁላላ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፤ ዓሣው ከገባ በኋላ ይህን ማስተካከል አይቻልም።

የመጽሐፉ ትልቁ እክል የሚመጣው እዚህ ነው። ዓሣውን ከበርበሬው ጋር አብሮ እንዲገባ ያዛል። በዚያን ጊዜ የሚገባው ከነአጥንቱ በሦስት በአራት የተቆረጠ ዓሣ ስለነበር አጥንቱ ሥጋውን ይዞት ይቆያል። ፊሌቶ ግን በዚያ ሰዓት ሁሉ ይበታተንና ድስቱ ገንፎ ይሆናል። ስለዚህ ፊሌቶው በ4 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥ፣ ጨው ተነስንሶበት 20 ደቂቃ ይቆይ፣ ያወጣው ውኃ በንጹሕ ጨርቅ ይደረቅ፤ ቁሌቱ ሙሉ በሙሉ ሲበስል አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደራረብ ተደርድሮ ይግባ፤ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። በማማሰያ አይነካም፤ የድስቱን ጆሮ ይዞ መወዝወዝ ነው። ከነአጥንቱ ለሚሠራ ደግሞ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ።

ከፊሌቶ የሚተርፈውን ጭንቅላትና አጥንት መጽሐፉ አይጥልም። ስንጥቡ (ጆሮው ሥር ያለው ቀይ መተንፈሻ) ተነቅሎ ይወጣል፣ ካልወጣ መረቁን ያመርረዋል። ከዚያ በሁለት ሊትር ውኃ ለ20 ደቂቃ ለዘብ ባለ እሳት ይፈላና ይጠለላል። ወጡ በውኃ ፋንታ በዚህ መረቅ ሲቀጥን ልዩነቱ በመጀመሪያው ጉርሻ ይታወቃል። ከ20 ደቂቃ በላይ ማፍላት ግን አይጠቅምም፤ ይደፈርስና ይከብዳል።

ነጭ ዓሣ ሥጋው ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ሰው የሚሸሸው በውስጡ በተበተኑት ቀጫጭን ሹካ መሰል አጥንቶች የተነሳ ነው። መጽሐፉ ለዚህ ያለው ብልሃት ሊጠፋ የማይገባው ነው፦ የተሰነጠቀው ጎን ከውስጥ በኩል በስለታም ቢላ በየ3 ሚሊ ሜትሩ እስከ ቆዳው ድረስ ይተለተላል፣ ቆዳው ግን አይቆረጥም። ከዚያ ጨውና ሎሚ፣ ስስ የዱቄት ልባስ፣ ከዚያም ጥልቅ የጋለ ዘይት። አጥንቶቹ በጥቃቅኑ ስለተቆራረጡ ተጠብሰው ይንኮሻኮሻሉ እንጂ ጉሮሮ አይይዙም። ዘይቱ በቂ ሙቀት ላይ መድረሱን ለማወቅ ቁራሽ እንጀራ ይጣልበታል፤ ወዲያው እየተንጣጣ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ሎሚው ከሩብ ሰዓት በላይ ከቆየ ሥጋውን ያላላዋልና በእሱ ላይ መቸኮል ነው። መጽሐፉ የኑግ ዘይት ነው የሚያዘው፤ ለዓሣ የሚስማማ ጠረን አለው፤ ግን ቶሎ ስለሚሸት በተጠበሰበት ዘይት ደግሞ መጥበስ አይገባም።

ከዚያው ገጽ ቀጥሎ በክረምት የምትገኝ እንቁላል ያዘለች ነጭ ዓሣ እንዴት እንደምትሠራ ተጽፏል። ይህን ገጽ ማለፍ ነው። የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ የሚያዙት ያኔ ነው። በ1990ዎቹ ያጠኑ ተመራማሪዎች የነጭ ዓሣ ክምችት ክፉኛ ማሽቆልቆሉን አረጋግጠዋል። በታንኳ ዘመን ጥቂት ቤት ይበላው የነበረው ዛሬ ገበያ ሲሆን የሐይቁን ዘር መብላት ነው። ዓሣ ሻጩ በነሐሴ ሆዷ የተነፋ ነጭ ዓሣ ቢያቀርብ ቆሮሶ ይበቃል ማለት ይቻላል።

አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይበላው ሰው ብዙ ነው። አዘጋጆቹም ይህን አውቀው ለብቻው ገጽ ሰጥተውታል፣ ድስቱም እንዲለይ አሳስበዋል። ለሚበላው ግን መመሪያቸው ግሩም ነው። ዝልግልጉ በሻካራ ጨውና በአመድ ታሽቶ የፈላ ውኃ ይፈስበታል፣ ከዚያ በቢላ ጀርባ ይፋቃል። በጎኑ ርዝመት የሚሄደው ጥቁር ቀይ ሥጋና ቢጫው ስብ ተቆርጦ ካልወጣ የጭቃ ሽታው በምንም ቅመም አይሸፈንም። ብዙ ሰው አምባዛ ይሸታል የሚለው ይህን ሳያወጣ ስለሚሠራው ነው።

የዓሣ ቋንጣው አሠራርም ጥሩ ነው፦ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዘለላ፣ ለ1 ኪሎ 100 ግራም ጨው፣ ጥቂት ሚጥሚጣ፣ ጭስ በሚደርስበት ጥላ ላይ ሦስት አራት ቀን። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይሳካል። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ከመድረቁ በፊት ይሻግታል፣ ዝንብም ይጥልበታል። መድረቁ የሚታወቀው ሲታጠፍ ሲሰበር ነው፤ ከተለመጠ ገና ነው። ከመሠራቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ ውኃው ይደፋል፣ አለበለዚያ ወጡ ጨው ብቻ ይሆናል።

ከምዕራፉ አንድ ነገር ጨርሶ መተው አለበት፤ ጥሬ ዓሣ በዳጣ። የጣና ዓሣ ሆድና ሥጋ ውስጥ ትላትሎች መኖራቸው በጥናት የታወቀ ነው። ዳጣም ሎሚም አይገድላቸውም። የሚገድላቸው እስከ መሀሉ ከ60 ዲግሪ በላይ የዘለቀ ሙቀት፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለሰባት ቀን መቆየት ነው፤ የቤት ፍሪጅ በረዶ ቤት ደግሞ ለዚህ አያስተማምንም።

የጾም ምግቦቹን ክፍል መጽሐፉ ከዓሣው ለይቶታል፤ በጾም ዓሣ በመብላት ላይ የየቤቱ ልማድ ስለሚለያይ ጥሩ አድርጓል። እዚህ ክፍል ውስጥ ዕንቁው ስልጆ ነው። ለሁዳዴ ስልጆ የሚያዘጋጅ ቤት እየቀነሰ ነው፤ እንዲህ በግልጽ የተጻፈ አሠራር ማግኘትም ይከብዳል።

4 ሲኒ ሱፍ ለጥቂት ደቂቃ ይቀቀልና ይወቀጣል፣ በ16 ሲኒ ለብ ያለ ውኃ ታሽቶ በሻሽ ይጠለላል፤ የሚገኘው ነጭ የሱፍ ውኃ ነው። 4 ሲኒ የባቄላ ዱቄት በመጀመሪያ በጥቂቱ ቀዝቃዛ የሱፍ ውኃ ይበጠበጣል፤ መጽሐፉ በሚፈላው ላይ ይነስነስ ይላል፣ ያ ግን ይጓጉላል። የቀረው ሲፈላ ብጥብጡ ይገባና ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ ይማሰላል፤ የጥሬ ባቄላ ሽታው ሲጠፋና ማማሰያው ጥሎት ያለፈው መስመር ለአፍታ ሲቆይ ይወርዳል። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። የብዙ ሰው ስልጆ የሚበላሽበት ቦታ ይህ ነው። ሰናፍጭ የሚያቃጥለው ሲፈጭና በውኃ ሲርስ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ስለሚሠራ ነው፤ በትኩሱ ላይ ከገባ ኢንዛይሙ ይሞትና ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ግማሽ ሲኒ ሰናፍጭ ለብቻው ተፈጭቶ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ርሶ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ፣ ገንፎው እጅ ሳያቃጥል የሚነካ ሲሆን ይቀላቀላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳምና በሶብላ አብረው ይገባሉ።

መጽሐፉ ለማብላላት አምስት ቀን ይሰጣል። ሁዳዴ የሚውለው ግን የባሕር ዳር ሙቀት በሚበረታበት ወቅት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ቦታ ካልገባ ኮምጣጤ ይሆናል። ላዩ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ቢታይ ተገፍፎ ይጣላል። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ ከታየ ግን ማሰሮው ሙሉ ይደፋል፤ ላይ ላዩን ማንሳት አይበቃም።

ጓያ ላይ መጽሐፉን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። የጓያ ሽሮና የጓያ ቂጣ ከሌሎቹ እኩል፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ተቀምጠዋል። ጓያ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለው፤ ለሳምንታት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ከደረሰም አይመለስም። ይህ ሩቅ አገር የተሰማ ነገር አይደለም፣ የጣና ዙሪያ የደምቢያና የፎገራ ሰው በችግር ዘመን ያየው ነው። መርዙ በውኃ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል፣ ከእህል ጋር መቀላቀልም ይረዳል፤ ሁለቱም ግን ጨርሰው አያጠፉትም። የመጽሐፉ ሽሮ ደግሞ ጓያውን ሳይዘፈዝፍ ቆልቶ ይፈጫል። በሽምብራ ወይም በአተር ይተካ፤ መጠኑ ሳይለወጥ ይሠራል፣ ከአተር ሲሠራ ብቻ ውኃው በአንድ ስድስተኛ ይቀነስ።

በርበሬው በፈረሱላ ነው የተጻፈው፤ ማኅበርተኞች ተሰብስበው የሚያዘጋጁት ስለሆነ ነው። ለዛሬ ቤት ወደ ኪሎ ሲመነዘር ለ1 ኪሎ የጸዳ ዛላ 100 ግራም ነጭ ሽንኩርት፣ 50 ግራም ዝንጅብል፣ 40 ግራም ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድና በሶብላ እያንዳንዳቸው 25 ግራም ይሆናል። ለቀለምና ለመዓዛ የቡሬ ዛላ ይስማማዋል። አደጋው ያለው ከእርጥቡ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጋር ከተወቀጠ በኋላ ነው፦ መጽሐፉ ሸፍኖ ሁለት ሌሊት ማሳደር ይላል። አንድ ሌሊት ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያው ስስ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ማታ ማታ ማስገባት፣ ሲጨበጥ እስኪንኮሻኮሽ ማድረቅ። በእርጥበቱ የሚያድር በርበሬ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን ደግሞ ወጥ ውስጥ ቢፈላም አይጠፋም። ደመና ባለበት ሳምንት አለመጀመር ነው።

የቅቤ ማንጠሪያው እንከን የለበትም፤ ኮሰረቱ መጀመሪያ፣ ኮረሪማው ከመውረዱ ጥቂት ቀደም ብሎ። ንጹሕ 1 ኪሎ ለጋ ቅቤ ተነጥሮ ከ750 እስከ 800 ግራም መስጠት አለበት። ከዚህ በጣም ካነሰ ውኃ ተጨምሮበታል። ሲቀዘቅዝ ወጥነት ከሌለው፣ ወይም የቅቤ ጠረን ሳይኖረው ዘይት ዘይት ካለ ከሌላ ስብ ጋር ተቀላቅሏል። አዘጋጆቹ ይህን ማስጠንቀቅ አላስፈለጋቸውም፤ የዛሬ ገዢ ግን ያስፈልገዋል።

ድፎ ዳቦው ከላይም ከታችም እሳት ላለው የሸክላ ምጣድ የተጻፈ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የላይ እሳት ስለሌለው መጽሐፉን የተከተለ ሰው ከታች ያረረ፣ ከላይ ሊጥ የሆነ ዳቦ ያወጣል። ለ2 ኪሎ ዱቄት 1 ሊትር ከሩብ ውኃ፣ 40 ግራም ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድና 15 ግራም ደረቅ እርሾ ተደርጎ፣ በኮባ ተጠቅልሎ፣ መካከለኛ ሙቀት ላይ 35 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ከነኮባው ይገለበጣል፤ ሌላ 25 ደቂቃ። መሀሉ ላይ የገባ ስንጥር ደርቆ ካልወጣ አልደረሰም። ኮባ ከታጣ የሙዝ ቅጠል ይሆናል፣ ነገር ግን እንዳይሰነጠቅ በእሳት ለብ ለብ ይደረግ።

ስለ ጠላው ብዙ የሚባል የለም፤ አሠራሩ በየቤቱ የሚታወቀው ነው። ጌሾው የዘጌ ቢሆን ይመረጣል ማለቱ ግን እውነት ነው፤ ዘጌ ከቡናው ጋር ጌሾው የታወቀ ነው። የኬኩ ክፍል ደካማ ነው። አራቱም ኬኮች በማርጋሪን የተሠሩ፣ ስኳራቸው የበዛ፣ የምድጃ ሙቀት ያልተጻፈላቸው ናቸው፤ ለእነሱ ብሎ የሚገዛው አይኖርም።

ቅጂ ሲገኝ ከመክፈል በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የስቴንስል ቀለም በእርጥበት ስለሚደበዝዝ የዓሣውና የስልጆው ገጾች መነበባቸው ይረጋገጥ። መጨረሻ ላይ ያለው የበርበሬ ገጽ ከሽፋኑ ጋር አብሮ የሚገነጠል ስለሆነ መኖሩ ይታይ። ሽቦው ከዛገ ወረቀቱን በልቶ ይቀደዳል፤ ቀስ ብሎ በጥፍር ቀና አድርጎ ማውጣትና በክር መስፋት ይሻላል። ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ማሽኑ ላይ ጠቆር ማድረግ ያስፈልጋል፣ ከጀርባ የሚያሳየውን ጽሑፍ ለማጥፋትም ከገጹ ኋላ ጥቁር ወረቀት ይደረግ። ማድቤት ውስጥ መቀመጥ ያለበት ፎቶ ኮፒው ነው፤ ዋናው ቅጂ ከሐይቁ እርጥበት ርቆ፣ ደረቅ ሣጥን ውስጥ፣ ፕላስቲክ ሳይሆን ወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ፕላስቲክ እርጥበቱን ይዞ ያሻግተዋል።